ጋና ላይ «የየትኛው ቤተ ክርስቲያን ነሽ?» ሲሉሽ

እህቴ፣ ጥያቄሽ እኔንም ከመሄዴ በፊት እንቅልፍ የነሳኝ ጥያቄ ነው። «ለማስተርስ ሁለት ዓመት አክራ ልቀመጥ ነው። ኦርቶዶክስ ነኝ። ጋና ሁሉም ጴንጤ ነው ይሉኛል። የእኛ ዓይነት ቤተ ክርስቲያን አለ? ሰዉስ እንዴት ያየኛል?» ነው ያልሽው። ከ2019 እስከ 2023 አክራ ሠርቻለሁ። ያየሁትን ልንገርሽ፣ ትንሽ ይረዝማል። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።

«ሁሉም ጴንጤ ነው» የሚለው ትክክል አይደለም። በ2021 የሕዝብ ቆጠራ ከመቶው ሰው 71 ያህሉ ክርስቲያን፣ 20 ያህሉ ሙስሊም ነው። ጴንጤቆስጤዎችና ካሪዝማቲኮች (እንደ ጴንጤ በመንፈስ ቅዱስ ስጦታ ላይ የሚያተኩሩ አዳዲስ ቤተ ክርስቲያኖች) ተደምረው ከጠቅላላው ሕዝብ 31.6 በመቶ ናቸው። ትልቁ ክፍል እነሱ ናቸው። ሜቶዲስት፣ ፕሬስቢቴሪያንና አንግሊካንን የመሳሰሉት ነባር ፕሮቴስታንቶች 17.4 በመቶ፣ ካቶሊኮች 10 በመቶ ናቸው። ነጭ ለብሰው ከበሮ እየመቱ የሚያመልኩ፣ በአገሬው ሰው የተመሠረቱ ቤተ እምነቶችም አሉ።

ይህ ቁጥር ግን ኑሮውን አያሳይሽም። እኔ የገባኝ በአከራዬ ቤት ነው። አከራዬ ከኬፕ ኮስት የመጡ የፋንቴ ሴት ናቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ «አንቲ» ይላቸዋል። እሳቸው ሜቶዲስት ናቸው፣ እናታቸውም አያታቸውም እንደዚያው። ሟች ባላቸው ካቶሊክ ነበሩ። ትልቁ ልጅ ካሪዝማቲክ ነው። ሴቷ ልጅ «ቸርች ኦፍ ፔንተኮስት» ትሄዳለች። እሑድ ጠዋት ሁሉም አንድ ላይ ቁርስ ይበላል፣ ከዚያ በየፊናው ይወጣል። ከሰዓት ተመልሰው አንድ ድስት ፉፉ ከበው ስለ ስብከቱ ያወራሉ። በመጀመሪያው እሑድ አፌን ከፍቼ ነበር የማያቸው። እኛ ቤት የአጎቴ ልጅ ሃይማኖት ቀየረ ተብሎ ሦስት ዓመት ሙሉ ሰላምታ ተቋርጦ ነበር። ይኼ ነገር እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል። አንቲን «ልጆችዎ ሲለዩ አልከፋዎትም?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ «ጸሎት ቤት ሄዱ እንጂ መጠጥ ቤት መች ሄዱ» አሉኝ።

እንዲህ ስልሽ ልዩነት የላቸውም ማለቴ አይደለም። ልዩነቱ የሚወጣው ሰው ሲሞት ነው። የአንቲ ታላቅ እህት ሲያርፉ ነው ያየሁት። ሴትየዋ ለዓመታት ሲያመልኩ የነበረው በልጃቸው አዲስ ቤተ ክርስቲያን ነው። የሜቶዲስት መዋጮ ግን አንድ ወር እንኳ አላቋረጡም፣ ካርዱን ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀምጠውት ነበር። መዋጮው ከተቋረጠ ቤተ ክርስቲያኗ ቀብሩን በሙሉ ሥርዓት ላታደርግ ትችላለች። እድርና ሰበካ ጉባኤ አንድ ላይ እንደማለት ነው። እኛም አገር የሰበካ ጉባኤ ክፍያ ሳይከፈል ቀርቶ ቀብር ላይ የሚመጣውን ጭቅጭቅ የምታውቂው ይመስለኛል። ቅዳሜ ቀብሩ ላይ ሰዉ ጥቁርና ቀይ ለበሰ። እሑድ ለምስጋናው ጥቁርና ነጭ ሆነ። ከየቤተ እምነቱ የመጡት ማኅበርተኞች በየራሳቸው ዩኒፎርም ተሰልፈው ዘመሩ። ካሪዝማቲኩ ልጅ ከሜቶዲስት መዝሙር አንዲት ስንኝ ሳይስት እያለቀሰ ሲዘምር አየሁት። ለካ ያደገበት ነው።

ነባሮቹ እንዴት እንደመጡ ማወቅ ከፈለግሽ ሁለት ቦታ ሂጂ። አንደኛው አክሮፖንግ ነው፣ ከአክራ በስተሰሜን ተራራው ላይ። ከስዊዘርላንድ ባዝል የተላኩት ሚሲዮናውያን በ1828 ባሕር ዳር ደርሰው ብዙዎቹ በበሽታ አለቁ። አንድሪያስ ሪስ የሚባለው በ1835 ወደ ተራራው ወጣ። በ1843 ደግሞ ከጃማይካ ጥቁር ክርስቲያኖች መጥተው እዚያው ሰፈሩ። በባርነት የተጋዙት ሰዎች ዘሮች ወንጌል ይዘው ወደ አፍሪካ ሲመለሱ አስቢው! የፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን ሥር ከዚያ ነው። ክርስቲያኖቹ ከከተማው ተለይተው የሰፈሩበትን ሰፈር «ሳሌም» ይሉታል። ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በትዊ ቋንቋ የወጣው በ1871 ነው፣ ሥራውን የመራው ክሪስታለር የተባለ ጀርመናዊ ነው።

ሁለተኛው ከባድ ነው። ኤልሚናና ኬፕ ኮስት ያሉት ምሽጎች። ኤልሚናን በ1482 የሠሩት ፖርቱጋሎች በግቢው መሐል ቤተ ክርስቲያን ተክለዋል። ዙሪያው ባሪያ የታጎረበት ጨለማ ክፍል ነው። በኬፕ ኮስት ምሽግ ግቢ ውስጥ የፊሊፕ ኳኬ መቃብር አለ። የፋንቴ ልጅ ነው። እንግሊዝ ተልኮ ተምሮ በ1765 የአንግሊካን ቄስ ሆነ፣ ከአፍሪካ የመጀመሪያው። ከዚያ ተመልሶ ለ50 ዓመት ያህል እዚያው ምሽግ ውስጥ አገለገለ፤ ከእግሩ ሥር የገዛ ወገኑ ታስሮ እየተሸጠ። መቃብሩ ጋ ቆሜ ምን ብዬ እንደምጸልይ ጠፋኝ። ሂጂና እዪው። ጋናውያን ይህን ሁሉ እያወቁ ነው የሚያምኑት። «ነጭ ያመጣው ሃይማኖት» የሚል ክርክር ስትሰሚ ይህን አስታውሺ።

ካሪዝማቲኮቹ የቅርብ ጊዜ ናቸው። የታወቁት ፓስተሮች የዳንከን ዊሊያምስ ቤተ ክርስቲያን በ1979፣ የሜንሳ ኦታቢል ደግሞ በ1984 ተጀመሩ። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ መጀመሪያ የሚያገኙሽ የእነሱ ተማሪዎች ናቸው። ደግ ናቸው፣ ሻንጣሽን ተሸክመው ዶርምሽ ያደርሱሻል። እምነትሽን ንገሪያቸው፣ ይሰሙሻል። የምትጠነቀቂው በየመንደሩ ባነር ሰቅለው ራሳቸውን ነቢይ ከሚሉት ነው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ የደም ግፊት መድኃኒቱን እንዲያቆም ተነግሮት፣ ለጸሎት ዘይትም ብዙ ገንዘብ ከፍሎ፣ ቢሮ ውስጥ ራሱን ስቶ ወደቀ። ደግነቱ ተረፈ። ነባሮቹ ፓስተሮች ራሳቸው በዚህ በጣም ያዝናሉ።

አሁን ወዳንቺ ልምጣ። አክራ ውስጥ በእስክንድርያ የግሪክ ፓትርያርክ ሥር ያለ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን አለ፣ ምእመናኑ ጋናውያን ናቸው። ሥዕሉንም ዕጣኑንም ታገኛለሽ። ከኬልቄዶን ጉባኤ ወዲህ ግን እነሱና እኛ የቁርባን አንድነት የለንም። እኔ ቆሜ አስቀድሼ እመለስ ነበር፣ ቄሱም በደስታ ተቀብለውኛል። ከመሄድሽ በፊት የንስሐ አባትሽን አማክሪ። የእኛን ቅዳሴ እኔ የማገኘው ለእረፍት አዲስ አበባ ስመጣ ብቻ ነበር። ያ ይከብዳል፣ አልዋሽሽም። በተለይ ፋሲካ። እኔ በነበርኩባቸው ዓመታት የፕሮቴስታንቶቹና የካቶሊኮቹ ፋሲካ ሁሌም ከእኛ ቀድሞ ነው የዋለው። አገሩ ሁሉ ወደ ክዋሁ ተራራ ወጥቶ ሲጨፍር አንቺ ገና ጾም ላይ ነሽ። ገና ላይ ግን ተክሼ ነበር። የእኛ ልደት የሚውልበት ጃንዋሪ 7 ያኔ የሕገ መንግሥት ቀን ተብሎ ሥራ ዝግ ነበር።

ስለ ጾም ስትነግሪያቸው «እስከ ስንት ሰዓት?» ይሉሻል። ለእነሱ ጾም እስከ ማታ ምንም አለመቅመስ ነው። ምግብ አትቸገሪም። «ሬድ ሬድ» የሚባል የጥራጥሬ ወጥ በተጠበሰ ፕላንቴን (ሙዝ መሰል ነው) አለ፣ በፓልም ዘይት ነው የሚሠራው። ዓሣ የማትበዪ ከሆነ ግን ስታዢ አስረግጠሽ ንገሪያቸው። ሺቶ የሚሉት ጥቁር ዳጣ ውስጥም ደረቅ ዓሣ አለ።

አንድ የቤት ሥራ ልስጥሽ። ከመሄድሽ በፊት የተወለድሽበትን ዕለት እወቂ፣ ከሰኞ እስከ እሑድ ያለውን ማለቴ ነው። አካን በሚባለው ብሔረሰብ ዘንድ ሰው በተወለደበት ዕለት የሚወጣለት ስም አለው። ዓርብ የተወለደ ወንድ ኮፊ፣ ቅዳሜ የተወለደች ሴት አማ ትባላለች። በብዙ ቤተ ክርስቲያን መባ የሚሰጠው እንደዚያ ነው። የሰኞዎች ተነሱ፣ የማክሰኞዎች ተነሱ እየተባለ፣ በዘፈንና በፉክክር። ከአንቲ ጋር ሜቶዲስት በሄድኩ ቀን ሁሉም ተነሥቶ እኔ ብቻ ቁጭ አልኩ። ማታ እናቴ ጋ ደወልኩ። «በሚካኤል ነው የወለድኩህ፣ ዕለቱን እንጃ» አለችኝ። የእኛ ቆጠራ በቅዱሳኑ፣ የእነሱ በሳምንቱ ቀን። ከወሩና ከዓመቱ ቆጥረን ረቡዕ ሆነ፣ ክዋኩ ተባልኩ። እስከ ዛሬ አንቲ ሲደውሉ «ክዋኩ» ብለው ነው የሚጠሩኝ። የበረራሽን ቀን በውስጥ መስመር ላኪልኝ፣ ከእሳቸው ጋር አገናኝሻለሁ።