ካልሲውን ይጠብ

እህቴ፣ «ልጄ 1 ዓመት ከ8 ወሩ ነው፤ ማንኪያ ከእጁ ይወድቅበታል። ውሃ ሲያይ ደስታው ልክ የለውም፤ እኔ ግን የደብረ ብርሃንን ብርድ ፈርቼ እከለክለዋለሁ» ብለሻል። እኔም እዚሁ ደብረ ብርሃን ነው ሁለት ልጆች ያሳደግኩት። እባክሽ አትከልክይው።

ብርዱን መፍራትሽ ልክ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነን፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሣሩ ውርጭ ለብሶ ያድራል። እኔ ከቀኑ 6 እስከ 8 ሰዓት ባለው ፀሐይ፣ ንፋስ በማይገባበት ግድግዳ ሥር ነበር የማስቀምጣቸው። ውሃውን ለብ አድርጊና በክርንሽ ለኪው። 15 ደቂቃ ይበቃል። ከዚያ ቶሎ አድርቀሽ ልብሱን ቀይሪለት።

አሁን ወደ እጁ ልምጣ። ትልቁ ልጄን ከሁሉ የጠቀመው ካልሲ ማጠብ ነው። ልብስ ሳጥብ እያየ ይቀናል፤ አንድ ቀን የራሱን ካልሲ በትንሽ ሳፋ ሰጠሁት፣ ያለ ሳሙና። ይነክራል፣ ያወጣል፣ ይጨምቃል። መጀመሪያ ጠብ አይልለትም ነበር። እየቆየ ሁለቱን እጆቹን አጋጥሞ መጭመቅ ቻለ። ማንኪያ አጥብቆ የሚይዘውም ይኸው የመዳፍና የጣት ጉልበት ነው።

ቀጥሎ መቅዳት። ከትንሽ ጆግ ወደ ሰፊ ኩባያ ይገልብጥ። ጆጉን ግማሽ ብቻ ሙዪለት፤ ከከበደው ተስፋ ይቆርጣል። ይፈስሳል፣ ይፍሰስ። ዓይኑና እጁ የሚግባቡት እዚያ ላይ ነው። ድንችም ውሃ ውስጥ ጨምሪለትና በጭልፋ ያውጣ። የሃይላንድ ክዳን ግን አትስጪው፤ አፉ ውስጥ ከትቶ ሊያንቀው ይችላል።

ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ከሆንሽ አንድ ኩባያ ውሃና ንጹሕ የቀለም ብሩሽ በቂ ነው። የሲሚንቶውን ግድግዳ «ይቀባል»። ቁጭ ብድግ ሲል፣ ወደ ላይ ሲንጠራራ እግሩና ትከሻውም ይሠራሉ።

አንድ ነገር አጥብቄ ልንገርሽ። አንዴ በር ተንኳኳና ለአፍታ ትቻቸው ሄድኩ። ስመለስ ትንሿ ልጄ ሳፋው ላይ በግንባሯ ተደፍታ ልትገባ ነበር። ዛሬም ሳስበው ይዘገንነኛል። ሕፃን 5 ሴንቲ ሜትር በማይሞላ ውሃ ውስጥ ሊሰምጥ ይችላል፤ ድምፅም ላያሰማ ይችላል። በር ቢንኳኳ ልጁን ታቅፈሽ ሂጂ። ሲጨርስ ውሃውን ወዲያው ድፊው፤ እኔ ለጤና አዳሜ ነው የማጠጣው። በርሜልሽም ሁልጊዜ ይከደን።

ሲጫወት ደግሞ እጆቹን አስተውዪ። በአንዱ ብቻ እየሠራ ሌላው ከዛለ ወይም ከገተረ፣ ጊዜ ሳትሰጪ ጤና ጣቢያ አሳዪው።