ጊት፣ ሰብቨርዥንና ፐርፎርስ በአንድ ድርጅት ውስጥ፦ ለሥራ ፈላጊ የተሰጠ ምላሽ

የቪዲዮ ጨዋታ የሚሠራ ድርጅት ሊቀጥርዎ እንደሆነ፣ ድርጅቱም የቆየ ኮዱን በሰብቨርዥን፣ ሥዕልና ድምፁን በፐርፎርስ፣ አዲሱን ኮድ ደግሞ በጊት እንደሚያስተዳድር ገልጸው፣ ጊትን ብቻ የተማሩ በመሆንዎ «ሙያዬ ወደ ኋላ ይቀር ይሆን?» ሲሉ ጠይቀዋል። ሦስቱም በፋይሎች ላይ የተደረገውን ለውጥ እየመዘገቡ የሚያስቀምጡ ሥርዓቶች ናቸው።

በእኔ እምነት የሥርዓቶቹ መብዛት ብቻውን ሊያሳስብዎ አይገባም። የሊኑክስ ፈጣሪ ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2005 ጊትን የሠራው ለሊኑክስ ከርነል (ለስርዓተ ክወናው እምብርት)፣ ማለትም በብዙ ሰዎች እጅ ለሚጻፍ ኮድ ስለነበር፣ የሁለት ፕሮግራመሮችን ለውጥ አዋሕዶ አንድ ማድረግ ዋና ጥንካሬው ነው። ሥዕል ግን እንደ ኮድ መስመር በመስመር አይዋሐድም፤ ሁለት ሠዓሊዎች አንዱን ፋይል በአንድ ጊዜ ቢያርሙ የአንዳቸው ድካም መና ይቀራል። ፐርፎርስ ፋይሉን ለአንድ ሰው ቆልፎ መስጠት መቻሉ በጨዋታ ሠሪዎች ዘንድ ተፈላጊ ያደረገው አንዱ ምክንያት ነው። ሰብቨርዥንም መቆለፊያ አለው፤ በዚያ ላይ በአንድ ማከማቻ ውስጥ ለእያንዳንዱ ፎልደር የተለየ የማንበብ ፈቃድ መስጠት ያስችላል፤ ጊት በራሱ ይህን አያደርግም።

ሊያሳስብዎ የሚገባው የሥርዓቶቹ መገናኛ ነው። ጊት ኤስቪኤን የተባለው መሣሪያ በኮምፒውተርዎ ላይ በጊት እየሠሩ ለውጡን ወደ ሰብቨርዥን እንዲልኩ ይረዳል፤ ነገር ግን ሲልክ ኮሚቶቹን (በጊት የተመዘገቡትን ለውጦች) እንደገና ስለሚጽፋቸው መለያቸው ይቀየራል፣ በመርጅ የተዋሐደ ብራንችም (ተነጥሎ የተሠራ የሥራ ቅርንጫፍ) እንደ አንድ ለውጥ ተጠቅልሎ ሊገባ ይችላል። እኔም በጀማሪነቴ የሳምንታት ሥራ ሰብቨርዥን ለለውጥ በሚሰጠው አንድ ቁጥር ሥር ተጨፍልቆ ከገባ በኋላ ነው ይህን የተማርኩት፤ ኮዱ አልጠፋም፣ የትኛው ለውጥ ለምን እንደተደረገ የሚናገረው ታሪክ ግን ጠፍቶ ነበር።

ስለዚህ ውል ከመፈረምዎ በፊት፣ የእያንዳንዱ ፋይል ዋና ቅጂ በየትኛው ሥርዓት እንደሚገኝና ለደንበኛ የወጣ አንድ እትም ከየትኛው የጊት ኮሚት፣ ከየትኛው የሰብቨርዥን ቁጥርና ከየትኛው የፐርፎርስ ለውጥ እንደተሠራ በአንድ ቦታ ይመዘገብ እንደሆነ ይጠይቁ። ግልጽ መልስ ካገኙ ያለ ስጋት ይግቡ። መልሱ «ሁሉም እንደለመደው ይሠራል» ከሆነ ግን፣ ይህን መዝገብ ማደራጀት የሥራ ድርሻዎ ሆኖ በጽሑፍ እንዲሰፍርልዎ ይጠይቁ፤ ካልፈቀዱ ሌላ ቦታ ቢፈልጉ ይሻላል።