የአባትዎን ዲቲ ከመቁረጥዎ በፊት

ሰላም ለሁላችሁም። ከኮምቦልቻ የጻፉልን ወንድማችን ጥያቄ በአጭሩ ይህ ነው። የግብርና ባለሙያ የነበሩት አባታቸው በቃሉና በወረባቦ ቀበሌዎች ሲዘዋወሩበት የኖሩት ያማሃ ዲቲ 125 ሞተር ሳይክል ከእርሳቸው ሕልፈት በኋላ ዕቃ ቤት ውስጥ ቆሟል። አንድ ባለሙያ የኋላውን ሻንሲ (ሁሉን የሚሸከመውን የብረት አጽም) ቆርጦ፣ ጠፍጣፋ መቀመጫ፣ ዝቅ ያለ መሪና አጭር ማርሚታ (የጭስ ማውጫ) ገጥሞ «ካፌ ሬሰር» ወደሚባለው ዓይነት እለውጥልዎታለሁ ብሏቸዋል። ታላቅ ወንድማቸው ደግሞ የአባታችን ሞተር ምኑም አይነካም ብለው ተቃውመዋል። ከሁለቱ የማንን ልስማ ነው ጥያቄው። በመጀመሪያ አባትዎን አላህ ይዘንላቸው። እኔ ደሴ ውስጥ የቆዩ ሞተር ሳይክሎችን በመጠገን ረጅም ጊዜ የኖርሁና ጉዳዩም ከልቤ የሚያሳስበኝ ሰው ስለሆንሁ፣ መልሴ ቢረዝም እንዲታገሱኝ እጠይቃለሁ።

ፍርዴን አስቀድሜ ልናገርና ምክንያቱን ከዚያ ላስረዳ። ተመልሶ ሊገጠም የማይችል ነገር አይቁረጡ፤ ተፈትቶ ሊመለስ የሚችለውን ግን ለመንዳት በሚያስፈልግዎ መጠን ያለ ፍርሃት ይለውጡ፤ የፈቱትንም ዕቃ አይጣሉ። የታላቅ ወንድምዎ ሐሳብ ከፍቅር የመነጨ እንደሆነ ይገባኛል፤ ነገር ግን «አይነካም» ማለት ብቻውን ሞተሩን አያተርፈውም። የቆመ ሞተር እየተበላሸ የሚሄድ ሞተር ነው፤ ነዳጅና አየር በሚቀላቅለው ካርቡራተር የቀረው ቤንዚን ወደ ሙጫነት ይለወጣል፣ የነዳጅ ታንኩ ከውስጥ ይዝጋል፣ ዘይት የሚያግዱት ጎማዎች ይደርቃሉ። እንዳለ ማቆየት ማለት መንከባከብ እንጂ መተው አይደለም።

የቀረበልዎትን ለውጥ የምቃወመው ካፌ ሬሰር መጥፎ ነገር ስለሆነ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ የእንግሊዝ ወጣቶች ሞተሮቻቸውን ሲያቀልሉና መሪያቸውን ዝቅ ሲያደርጉ፣ በአስፋልት ላይ ከአንዱ የመንገድ ዳር ካፌ ወደ ሌላው በፍጥነት ለመድረስ ነበር። የትራይምፍን ሞተር በኖርተን ሻንሲ ላይ ገጥመው «ትራይተን» ያሉትም የኖርተን ሻንሲ በመጠምዘዣ ላይ መንገድ አጥብቆ ስለሚይዝ፣ የትራይምፍ ሞተር ደግሞ ጉልበቱ የተመሰከረለት ስለነበረ ነው፤ ለለውጣቸው በቂ ምክንያት ነበራቸው። የዲቲ ቤተሰብ ግን እ.ኤ.አ. በ1968 ዲቲ 1 በተባለው 250 ሲሲ ሞተር ሲጀመር፣ ሐሳቡ በአስፋልትም በጥርጊያ መንገድም የሚሄድ ቀላል ሞተር መሥራት ነበር። ከፍ ያለው የፊት ፓራፋንጎ ጭቃ ጎማውን እንዳያንቀው፣ ሰፊው መሪ በድንጋያማ መንገድ ላይ ክንድ አቅም እንዲያገኝ፣ ረጅሙ አሞርዛተር ጉድጓድን እንዲውጥ ተብለው የተቀመጡ ናቸው። እነዚህን አውጥተን ዝቅ ያለ መሪና ጠፍጣፋ መቀመጫ ስንገጥምለት ለአስፋልት ውድድር አቅም የሌለው፣ ለገጠር መንገድም የማይመች ሞተር ይሆናል፤ ያገኘው ነገር መልክ ብቻ ነው።

አሁን ብዙዎች ወደማያስተውሉት ጉዳይ ልግባ። አየር ማጣሪያው ያለበት ሣጥን፣ ካርቡራተሩና ማርሚታው ለየብቻ የሚታዩ ሦስት ዕቃዎች አይደሉም፤ በፋብሪካ አብረው የተመጠኑ ናቸው። በተለይ እንደ ዲቲ ባለ ቱ ስትሮክ፣ ማለትም ዘይትን ከነዳጅ ጋር አብሮ በሚያቃጥል ሞተር ላይ ማርሚታው እንደ ዋሽንት ነው፤ ርዝመቱና የሆዱ ስፋት የሚወጣውን ጭስ ግፊት መልሶ ወደ ሲሊንደሩ እንዲገፋ ተደርጎ ስለተሠራ፣ ያልተቃጠለው ነዳጅ አምልጦ እንዳይወጣ ያደርጋል። አሳጥረው ቆርጠው ሲተኩት ድምፁ ይጨምራል፤ ጉልበቱ ግን ይቀንሳል። የማጣሪያውን ሣጥን ጥለው ትንሽ ሾጣጣ ማጣሪያ ሲገጥሙ ደግሞ የሚገባው አየር ስለሚበዛ ነዳጁ በንጽጽር ይሳሳል፤ የሳሳ ነዳጅ ሙቀት ይፈጥራል፤ ዘይቱ በቤንዚኑ ውስጥ የተቀላቀለ ከሆነ ደግሞ እርሱም አብሮ ያንሳል።

ይህ ነገር በእኛ አገር ከሌላው ቦታ ይበልጥ የሚከብደው በከፍታችን ምክንያት ነው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። ደሴ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ለዝቅተኛ ቦታ የተመጠነ ካርቡራተር እዚህ ነዳጅ ያበዛል፤ ነዳጁን የሚለኩሰው ካንዴላ የሚጠቁረው፣ ሞተሩም ዳገት ላይ የሚታፈነው ለዚህ ነው። ለውጥ የሚሠራ ባለሙያ ሞተሩን ደሴ ላይ አስነስቶ፣ በጆሮው ሰምቶ፣ «ተስተካክሏል» ብሎ ሊያስረክብዎ ይችላል፤ በዚያ ከፍታ ላይ በእርግጥም ተስተካክሎ ይሆናል። ያንኑ ሞተር ይዘው ወደ ኮምቦልቻ፣ ከዚያም በባቲ በኩል ወደ ሚሌ ሲወርዱ ግን አየሩ በየኪሎሜትሩ እየወፈረ፣ ነዳጁ እየሳሳ ይሄዳል። ማጣሪያው ተለውጦ ደሴ ላይ ልክ የመጣ ዲቲ ቆላ ሲደርስ በሲሊንደሩ ውስጥ የሚመላለሰው ፒስተን ሲሊንደሩን ነክሶ ቆሞ፣ በጭነት መኪና ተጭኖ ወደ እኔ ሲመጣ አይቻለሁ። በፋብሪካው ሣጥንና ማርሚታ ላይ ያለ ሞተር ይህን የከፍታ ልዩነት የሚችልበት ሰፊ ወሰን አለው፤ ሲሠራ ታስቦበታልና።

ሁለተኛው ጉዳይ የዘይት ፓምፑ ነው። ያማሃ «አውቶሉብ» ብሎ የሰየመው ይህ ፓምፕ ዘይትን ከራሱ ታንክ እየሳበ ለሞተሩ ይመጥናል፤ መጠኑም የሚወሰነው በጋዝ መስጫው አከፋፈት ብቻ ሳይሆን በሞተሩ የመሽከርከር ፍጥነትም ጭምር ነው። የለውጥ ባለሙያዎች ቦታ ይይዛል፣ መልክ ያበላሻል በማለት መጀመሪያ የሚያወጡት ይህን ፓምፕና የዘይት ታንኩን ነው፤ ከዚያ በኋላ ዘይቱን በቤንዚኑ ውስጥ ቀላቅለው እንዲነዱ ይነግሩዎታል። በሜዳ ላይ ይህ ይሠራል። ነገር ግን ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሐረጎ በኩል ያለውን ቁልቁለት ያስቡት፤ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ መንገድ ውስጥ 650 ሜትር ያህል ይወርዳሉ፤ ጋዝ ዘግተው፣ ማርሽ ውስጥ አስገብተው፣ ሞተሩ በጎማው ኃይል እየዞረ ነው የሚወርዱት። ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ከተቀላቀለ፣ ጋዝ ሲዘጋ ቤንዚኑም ዘይቱም አብረው ይቀንሳሉ፤ ሞተሩ በፍጥነት እየዞረ ዘይት ይራባል። ፓምፑ በቦታው ካለ ግን ሞተሩ እስከዞረ ድረስ ዘይት መላኩን አያቆምም። በዚህ መንገድ ለሚመላለስ ሰው ፓምፑን ማስወጣት የሞተሩን ዕድሜ በገዛ እጅ ማሳጠር ነው። ፓምፑ ቀድሞ የወጣበት ሞተር ያላችሁ የቡድናችን አባላትም በቁልቁለቱ ላይ በየጊዜው ጋዙን ለአፍታ ከፈት አድርጋችሁ መዝጋትን አትርሱ።

ወደ ሻንሲው ልምጣ። የኋላው የሻንሲ ክፍል መቀመጫ የሚሸከም ብረት ብቻ አይደለም፤ የአሽከርካሪው፣ የተጨማሪው ሰውና የዕቃው ክብደት የሚያርፍበት ነው። የበርና የመስኮት ብየዳ የለመደ እጅ፣ በግራይንደር ቆርጦ ቀጥ ያለ ቧንቧ ሲበይድበት፣ ብየዳው አጠገብ ያለው ብረት በሙቀቱ ምክንያት ጠባዩ ይለወጣል፤ ስንጥቁም በአብዛኛው የሚጀምረው ከዚያ ነው። በተጨማሪም ሊብሬው ላይ የሻንሲና የሞተር ቁጥር፣ ቀለሙም ጭምር ተመዝግቧል። መሪው በሚዞርበት ራስ ላይ የተቀረጸው ቁጥር በግራይንደር ከተነካ፣ ወይም ዛሬ በየሱቁ የሚገኘው የቻይና 125 ሞተር በዲቲው ሻንሲ ላይ ከተገጠመ፣ ቦሎ ለማደስም ስም ለማዛወርም ሲሄዱ ጥያቄ ይነሣብዎታል። ሊብሬው እስካሁን በአባትዎ ስም ከሆነ፣ ማንኛውንም ሥራ ከማስጀመርዎ በፊት የውርሱን ሰነድ አሟልተው ወደ ስምዎ ያዙሩት። በተለወጠ ሞተርና በሟች ስም መካከል መጓተት ከሁሉ ይከፋል።

ታዲያ ምን ይለወጥ? በመጀመሪያ መብራቱ። የቆየ ዲቲ በአብዛኛው ባለ 6 ቮልት ነው፤ መብራቱም በሞተሩ ፍጥነት ልክ የሚደምቅና የሚደበዝዝ ነው። በክረምት ሐረጎ ላይ ጉም ሲወርድ በዚያ መብራት መሄድ ለሕይወት አስጊ ነው። ለ6 ቮልት የተሠራ ኤልኢዲ አምፖል ማስገባት፣ ወይም ደግሞ ዋናውን የፋብሪካ ዕቃ አስቀምጦ ወደ 12 ቮልት መዞር ምንም ነውር የለበትም፤ ነገ ተመልሶ ይገጠማል። ጎማ፣ ከመነዳሪ፣ ካቴና፣ የፍሬን ሸራ፣ የፍሬንና የፍሪሲዮን ገመድ አዲስ ይሁኑ፤ እነዚህ ሲጀመርም አልቀው እንዲተኩ የተሠሩ ናቸው። የደረቀ የፍሬን ሸራ ዓይን ሲያየው ወፍራም ይመስላል፤ በረጅም ቁልቁለት ሲሞቅ ግን አይዝም። መቀመጫው ከተቀደደ ሸራውን ያልብሱት እንጂ የውስጡን ላሜራ አያስቆርጡት። ዝቅ ያለ መሪ በጣም ካማረዎትም ይግጠሙ፤ በቡሎን የሚታሰር ነገር ስለሆነ የቀድሞውን በጨርቅ ጠቅልለው ያስቀምጡት።

ስለ ቀለሙ አንድ ነገር አጥብቄ ልለምንዎ። በጥያቄዎ ላይ የታንኩ ቀለም እንደተፋፋቀና የመሥሪያ ቤቱ የንብረት ቁጥር በጎኑ እንደሚነበብ ጽፈዋል። እባክዎ አይቀቡት። አዲስ ቀለም በፈለጉት ቀን ሊቀቡት ይችላሉ፤ የተፋቀውን የመጀመሪያ ቀለም ግን ማንም ሊመልሰው አይችልም። የአባትዎ ጉልበት ታንኩን ሲነካካ ያሳሳው ቦታ ለዚያ ሞተር ብቻ የሆነ ምልክት ነው። በለብ ያለ ውኃና በሳሙና ካጠቡ በኋላ ዝገቱን በጥቂት ነጭ ጋዝ በራሰ ጨርቅ ይጥረጉና ሰም ይቀቡት፤ ይበቃዋል። የጥንታዊ ተሽከርካሪዎች ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን የሆነው ፊቫ፣ እ.ኤ.አ. በ1966 የተመሠረተው፣ አንድን ተሽከርካሪ ታሪካዊ ለማለት ቢያንስ 30 ዓመት የሞላውና በታሪካዊ ትክክለኛ ሁኔታው የተጠበቀ መሆኑን ይጠይቃል። የአባትዎ ዲቲ ዕድሜውን አልፏል፤ ሁለተኛውን መስፈርት የሚወስነው የእርስዎ እጅ ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ለለውጥ ሥራ ያለኝን አክብሮት ብሸሽግ ተገቢ አይሆንም። ደሴም ኮምቦልቻም ውስጥ ከወዳደቀ ብረት መልካም ሞተር የሚያወጡ ወጣቶች አሉ። ሻንሲው ቀድሞ የተቆረጠ፣ ታንኩ የጠፋ፣ ሦስት ዓይነት ሞተር የተፈራረቀበት ተሽከርካሪ ካገኙ የሚጠበቅ መልክ ስለሌለው በነፃነት ይሥሩት፤ እንዲያውም ማዳን ነው። በብዛት ባለው የሆንዳ ሲጂ 125 ዓይነት ሞተር ላይ የተሠሩት የቻይና ሞተሮችም ለዚህ ሥራ እጅግ ይመቻሉ፤ ሲጂ እ.ኤ.አ. በ1976 ሲወጣ ጥገናው ቀላል እንዲሆን ታስቦ የተሠራ ነው፤ መለዋወጫውም በየሱቁ አለ፤ ቢበላሽም ሌላ ይተካል። ካፌ ሬሰር የመንዳት ፍላጎትዎ ጽኑ ከሆነ፣ ባለሙያው የጠየቀዎትን ገንዘብ እንዲህ ባለ ሞተር ላይ ያውሉት። የእርስዎ ዲቲ ግን ሣጥኑ፣ ፓምፑ፣ ማርሚታውና ሊብሬው ሳይጓደል ከአንድ አሽከርካሪ እጅ የመጣ ነው፤ እንዲህ ያለ ዲቲ ደግሞ እየጠፋ ነው።

ለመጀመር ያህል በዚህ ሳምንት ሊያደርጉት የሚገባውን ልንገርዎ። ሞተሩን ለማስነሣት ቸኩለው አይርገጡት። ካንዴላውን ፈትተው ጥቂት ዘይት በቀዳዳው ያንጠባጥቡ፤ አንድ ሌሊት ካደረ በኋላ በእጅዎ ቀስ ብለው ያዙሩት። አሮጌውን ቤንዚን ቀድተው ያስወግዱ፤ የታንኩን ዝገት ኮምጣጤ ሞልተው ያሳድሩበትና ቤኪንግ ሶዳ በተበጠበጠበት ውኃ አለቅልቀው በደንብ ያድርቁት። ካርቡራተሩን ሙሉ በሙሉ ፈትተው ይጠቡት። ከዚያ የዘይት ታንኩን ሞልተው በፓምፑ ቱቦ ውስጥ አየር አለመኖሩን ያረጋግጡ፤ እስኪያረጋግጡ ድረስ ታንኩ ውስጥ ጥቂት ዘይት የተቀላቀለበት ቤንዚን ቢጠቀሙ ይመረጣል። ሞተሩ ተነሥቶ ነጭ ጭስ ሳያቋርጥ የሚያወጣና የማርሽ ዘይቱ የሚጎድል ከሆነ፣ የደረቀው ፒስተኑ በሚያዞረው ዘንግ (በክራንኩ) ጎን ያለው የዘይት ማገጃ ጎማ ነው፤ ዋጋው ትንሽ ነው፤ ሥራው ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሲሊንደሩን ለማስፋት ወደ ቶርኖ ቤት ከመላክዎ በፊት ደግሞ ያስለኩት። የሲሊንደሩ የፋብሪካ ስፋት 56 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ፒስተኑ የሚያድገው በ0.25 ሚሊ ሜትር ደረጃ እስከ 57 ድረስ ብቻ ነው፤ ስለዚህ አንድ ደረጃ በበቃው ሲሊንደር ላይ ሁለት ደረጃ እንዳይቆረጥበት አዲሱን ፒስተን ገዝተው ለቶርኖ ባለሙያው በእጁ ይስጡትና በእርሱ ልክ ይሥራው። ፒስተኑ አናት ላይ የተጻፈውን ቁጥርና የሲሊንደሩን ልኬት እዚህ ከጻፉልን የትኛው ደረጃ እንደሚያስፈልግዎ እንነግርዎታለን።