«ገቢያችን ከጎረቤት እኩል ነው፤ ታዲያ ለምን አይበቃንም?»

ጥያቄ፦ እናቴ በስኳር በሽታ የተነሳ አንድ እግሯ ተቆረጠ። ልብስ ስፌቷንም አቆመች። የሷን ገቢ እኔ ሥራ ይዤ ተካሁት። ታናሽ እህቴ እናታችንን ለማገዝ ትምህርቷን አቋረጠች። ገቢያችን እንደ ድሮው ቢሆንም ወር መድረስ አቅቶናል። እርዳታ ስንጠይቅ «ገቢያችሁ ከመመዘኛው በላይ ነው» ተባልን። አጎታችን ደግሞ «አያያዝ አታውቁም» ይሉናል። እውነት ጥፋቱ የኛ ነው?
ስ.

መልስ፦ እህቴ፣ ጥፋቱ የናንተ አይደለም። አጎትሽ ያዩት ወደ ቤት የሚገባውን ገንዘብ ብቻ ነው። እርዳታውን የከለከሏችሁም እንዲሁ። ጎረቤት የማያወጣውን እናንተ ምን ያህል እንደምታወጡ የጠየቀ የለም።

የኢኮኖሚ ሊቁ አማርትያ ሴን ነገሩን በሁለት ከፍለው ያዩታል። አንደኛ፣ አካል ጉዳት ገንዘብ የማግኘት አቅምን ይቀንሳል። ይሄን ሁሉም ያውቀዋል። ሁለተኛው ግን ይዘነጋል። በተገኘው ገንዘብ ሌላው ሰው የሚኖረውን ኑሮ ለመኖር ተጨማሪ ወጪ ያስፈልጋል። ጎረቤታችሁ በእግር የምትደርስበት ቦታ እናትሽ ትራንስፖርት ከፍለው ነው የሚሄዱት፤ ያውም ለሚያጅባቸው ሰው ጭምር። የክራንቹ ጎማ ያልቃል። ሰው ሠራሽ እግር ቢገኝ እንኳ አንዴ ተገዝቶ የሚቀር ነገር አይደለም። ከተቆረጠው በላይ ያለው የእግር ክፍል ከጊዜ ጋር ቅርፁ ስለሚለወጥ ማቀፊያው ይሰፋል ወይም ይጠባል፤ እንደገና ልኬት፣ እንደገና ምልልስ ነው። የስኳሩ መድኃኒትም አልቆመም።

ከሁሉ የሚከብደው ወጪ ግን ደረሰኝ የለውም። የእህትሽ ትምህርት ነው። እንዲህ ያለው ሸክም በአብዛኛው የሚወድቀው በሴቶችና በልጃገረዶች ላይ ነው። ዛሬ በገቢ መዝገብ ላይ አይታይም፤ ነገ ግን የእሷ ደመወዝ ላይ ይታያል።

በ2011 እ.ኤ.አ. በ15 ታዳጊ አገሮች የቤተሰብ መረጃ ላይ የተመሠረተ ጥናት ወጥቶ ነበር። የቤተሰብ ፍጆታ ብቻ ሲለካ አካል ጉዳተኛ ባለበትና በሌለበት ቤት መካከል ያለው ልዩነት በአብዛኞቹ አገሮች ጎልቶ አልታየም። ትምህርት፣ ሥራና የሕክምና ወጪ አብረው ሲታዩ ግን አካል ጉዳተኞች ብዙ ነገር እንደጎደለባቸው ታወቀ። ደብዳቤሽ የሚለውም ይሄንኑ ነው።

ድህነትም በፊናው አካል ጉዳትን ያመጣል። የስኳር ሕመምተኛ እግሩ በየጊዜው ቢታይ፣ ትንሿ ቁስል ቶሎ ብትታከም፣ ብዙው መቆረጥ ይቀር ነበር። በዓለም ከ6 ሰዎች 1ዱ ጉልህ የአካል ጉዳት አለበት። ሆኖም የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በ2022 እ.ኤ.አ. እንዳወጡት፣ በአንዳንድ ድሃ አገሮች እንደ ዊልቸርና መነጽር ያለ መርጃ መሣሪያ ከሚያስፈልጋቸው ሰዎች የሚያገኙት 3 በመቶ ያህሉ ብቻ ናቸው። ይሄ ያናድደኛል፤ ምክንያቱም መሣሪያው አለ።

አሁን ወደ ሥራው። የአንድ ወር ወጪያችሁን ጻፉ። በጉዳቱ ምክንያት የወጣውን ለብቻው አስቀምጡት፤ እህትሽ ለእናትሽ የምታውለውን ሰዓትም ጨምሩበት። ያንን ይዛችሁ እንደገና አመልክቱ። ድሮ መጠይቅ ይዤ ቤት ለቤት እዞር ነበር። «አካል ጉዳተኛ አለ?» ስል ብዙው ሰው «የለም» ይለኛል። «ደረጃ መውጣት የሚቸገር አለ?» ስል ግን ጓዳ ያሉት አያት ትዝ ይሏቸዋል። እናንተም በአንድ ቃል አትለፉት። እናትሽ ምን እንደሚያቅታቸው ዘርዝሩ።

አገራችሁ በ2006 እ.ኤ.አ. የወጣውን የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ያጸደቀች ከሆነ አንቀጽ 28ን ጥቀሱ። በድህነት የሚኖሩ አካል ጉዳተኞችና ቤተሰቦቻቸው ከጉዳቱ ጋር ለተያያዘ ወጪ የመንግሥት እገዛ እንዲያገኙ ይላል። አስታማሚው እፎይ የሚልበት አገልግሎትም ተጠቅሷል።

አንድ ነገር ግን አላማረኝም። በደብዳቤሽ ውስጥ የእናትሽ ሐሳብ የለም። ልብስ ስፌቱን ያቆሙት አቅቷቸው ነው ወይስ አትችይም ተብለው? መርገጫውን በአንድ እግር የሚሠሩ አሉ፤ በእጅ የሚዞር ማሽንም አለ። ዛሬ ማታ ጠይቂያቸው። ለተወሰነ ሰዓት እንኳ ብቻቸውን መሆን ከቻሉ፣ እህትሽ የፈረቃ ወይም የማታ ትምህርት ልትጀምር ትችላለች። የምዝገባውን ቀን ከወዲሁ አጣሩ።