የመልስ ወረቀቱን ሳታዩ ስለ ውጤት አትናገሩ

በቱሉ ዲምቱ፣ በቦሌ አራብሳ፣ በየካ አባዶና በመሳሰሉት የአዲስ አበባ ዳርቻዎች በሚገኙ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሥራ ለጀመራችሁ ወጣት መምህራን ይህን የምጽፈው፣ ረጅም ዘመን በመምህርነት በኋላም በጉድኝት (ተቀራርበው የሚሠሩ የጎረቤት ትምህርት ቤቶች ስብስብ) ሱፐርቫይዘርነት ሠርቼ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነው። የማነሣው አንድ ጉዳይ ብቻ ነው፤ የንባብና የሒሳብ ምዘና ውጤት እጃችሁ ሲገባ ምን ታደርጉበታላችሁ?

የተለመደው አሠራር ይታወቃል። በክፍለ ከተማ ደረጃ የተዘጋጀው ፈተና ይታረማል፣ የትምህርት ቤቱ አማካይ ይሰላል፣ ስንተኛ እንደወጣ ይታያል፣ ስብሰባ ይጠራል፣ «የማጠናከሪያ ትምህርት ይሰጥ» የሚል ቃለ ጉባኤ ይያዛል። የመልስ ወረቀቶቹ ግን ዳግመኛ ማንም ሳይገልጣቸው ካርቶን ውስጥ ይገባሉ። ማጠናከሪያው የትኛውን ልጅ በምን እንደሚያጠናክር የሚጠይቅ ሰው እንዲህ ባሉ ስብሰባዎች ላይ ብዙም አላጋጠመኝም።

ምዘናን ከሚንቁት ወገን አይደለሁም። በሮስተር፣ ማለትም በክፍሉ የውጤት መዝገብ ላይ ሰማንያና ዘጠና የተሞላለት ልጅ በእርግጥ ምን እንደሚችል የሚታወቀው፣ መምህሩ ያላወጣው ጥያቄ ሲቀርብለት ነው። በ2002 ዓ.ም. በተካሄደው የመጀመሪያ ክፍሎች የንባብ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶ ያህሉ ከቀረበላቸው አጭር ታሪክ አንድም ቃል ማንበብ አልቻሉም ነበር፤ እነዚህ ልጆች እኮ 1ኛ ክፍልን አልፋችኋል ተብለው የተዛወሩ ናቸው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲነገር አገሩ ሁሉ ደነገጠ። የታችኞቹን ክፍሎች ምዘና ሲከታተል ለኖረ ሰው ግን ወሬው ዱብ ዕዳ አልነበረም።

ችግሩ ያለው ሁሉንም ነገር ከአማካዩ ለማንበብ መሞከሩ ላይ ነው። በ4ኛ ክፍል አገር አቀፍ ምዘና በ1992 ዓ.ም. 47.9 በመቶ የነበረው አማካይ በ2000 ዓ.ም. ወደ 40.9 ወረደ። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጦ «መምህሩ ሰነፈ» ማለት ይቀላል፤ ነገር ግን በእነዚያ ዓመታት ትምህርት በፍጥነት ተስፋፍቶ፣ ቤታቸው ውስጥ ፊደል የቆጠረ ሰው የሌላቸው እጅግ ብዙ ልጆች ለመጀመሪያ ጊዜ ክፍል ገብተዋል። በእናንተም ሰፈር ከመሐል ከተማ ተነሥተው ወደ ኮንዶሚኒየም የገቡ ቤተሰቦች ልጆቻቸውን በዓመቱ አጋማሽ ያስመዘግባሉ፤ ቤቱ ኦሮምኛ ወይም ወላይትኛ ሲናገር የሚውል ልጅም በአማርኛ ይፈተናል። ፈተናውን ከወሰዱት መካከል ስንቱ 1ኛ ክፍልን እናንተ ዘንድ እንደተማረ ሳይታወቅ ደረጃ ማውጣት ምን እንደሚጠቅም እስከ ዛሬ አልገባኝም። ደረጃው ያስጨነቀው አንድ ትምህርት ቤት ደካማ ተማሪዎቹን በፈተናው ቀን ከቤታቸው እንዳይመጡ ሲያደርግ አይቻለሁ። አማካዩ ከፍ አለ፣ ልጆቹ ግን እንዳሉ ቀሩ።

ሌላም አለ። ባለ አራት ምርጫ ጥያቄ ላይ ጥያቄውን ሳያነብ በጭፍን የሚያጠቁር ልጅም በአማካይ 25 በመቶ ያገኛል። ስለዚህ የክፍላችሁ ውጤት 28 ወይም 30 ከሆነ «ሩቡን ያህል ያውቃሉ» ብላችሁ አትጽናኑ።

አሁን ካርቶኑን ክፈቱና ወረቀቶቹን አውጡ። ጥያቄው «402 ሲቀነስ 178 ስንት ይሆናል?» የሚል ነው እንበል፤ ምርጫዎቹ ደግሞ 580፣ 376፣ 324 እና 224 ናቸው። ትክክለኛው መልስ 224 ነው። 580 የመረጠው ልጅ ደምሯል፤ ምልክቱን ሳያስተውል ቀርቶ ሊሆን ይችላል። 376 የመረጠው በአንድ፣ በአሥርና በመቶ ቤት እያንዳንዱ ላይ ከትልቁ አኃዝ ትንሹን ቀንሷል፤ ከ2 ላይ 8 አይነሣምና ከ8 ላይ 2 አነሣ፣ መበደር የሚባለውን ነገር ገና አልያዘም ማለት ነው። 324 ያለው ግን መበደርን ያውቃል፤ ዜሮውን ተሻግሮ ከመቶ ቤት ከተበደረ በኋላ 4ቱን ወደ 3 ዝቅ ማድረጉን ብቻ ረስቷል። ሦስቱም በውጤት መዝገቡ ላይ እኩል ዜሮ ናቸው። ለመጀመሪያው የአንድ ደቂቃ ማስታወሻ ይበቃው ይሆናል፤ ሁለተኛው በአሥርና በመቶ የታሠሩ እንጨቶችን እየፈታ ከሥሩ መጀመር አለበት፤ ሦስተኛው ዜሮ ያለባቸው ጥቂት ልምምዶች ይበቁታል። ሦስቱን ቅዳሜ ጠዋት አንድ ላይ ሰብስቦ ያንኑ ምዕራፍ ከሰሌዳ ላይ መድገም የልጆቹንም የእናንተንም ጊዜ ማባከን ነው።

ንባብን ከወረቀት ብቻ ማወቅ አይቻልም፤ ልጁን አጠገባችሁ አስቀምጣችሁ መስማት አለባችሁ። ፊደል ገበታውን ከ«ሀ» እስከ «ፐ» በዜማ የሚወርደውን ልጅ አትመኑት። ከመሐል «ዞ» የሚለውን ጠቁሙና ከንፈሩን ተመልከቱ፤ ብዙ ጊዜ በለሆሳስ «ዘ ዙ ዚ ዛ ዜ ዝ» እያለ ተራውን ጠብቆ ይደርስበታል። ለእያንዳንዱ ፊደል እንዲህ የሚጓዝ ልጅ ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ሲደርስ መጀመሪያው ከአእምሮው ጠፍቷል፤ ስለ ታሪኩ ብትጠይቁት ዝም ቢል አይፈረድበትም። ለዚህ ልጅ ተጨማሪ የንባብ መጽሐፍ መስጠት አሁን አይረዳውም። ፊደላቱን በተቆራረጡ ካርቶኖች ላይ ጽፋችሁ እያዘበራረቃችሁ አስለዩት፣ ከዚያ ባለ ሁለትና ባለ ሦስት ፊደል ቃላት ይመሥርት።

ሒሳብና ንባብ የሚገናኙበት ቦታ የቃላት ፕሮብሌም ነው። «አልማዝ 50 ብር ይዛ ሱቅ ሄደች...» የሚለውን የሳተውን ልጅ ጠርታችሁ ጥያቄውን ራሳችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡለት። ሰምቶ በትክክል ከመለሰ ችግሩ ያለው ሒሳቡ ላይ ሳይሆን ንባቡ ላይ ነው፤ በቤቱ ቋንቋ ሲነገረው ብቻ ከመለሰ ደግሞ የጎደለው አማርኛው ነው። አንድ ደቂቃ የማይፈጅ ነገር ነው፤ ሒሳብ አይችልም ተብሎ ዓመቱን ሙሉ ማባዛት ከመደጋገም ያድነዋል።

«ስልሳ ተማሪ ይዤ ይህን መቼ እሠራዋለሁ?» እንደምትሉ አውቃለሁ። ሁሉንም በአንድ ሳምንት መስማት አይጠበቅባችሁም። ክፍሉ የጽሑፍ ሥራ ላይ ሳለ በቀን አምስት ልጆች ብትሰሙ በሁለት ተኩል ሳምንት አካባቢ ሁሉም ይዳረሳሉ። ተራው በደረሰበት ቀን የቀረውን ልጅ ግን አትዝለሉት፤ አዘውትሮ የሚቀረው ብዙውን ጊዜ ከሁሉም በላይ መሰማት የሚያስፈልገው ነው።

ወላጅ ካርድ ሊወስድ ሲመጣም ስንተኛ እንደወጣ ከመንገር በፊት፣ ልጁ የትኛውን ገጽ ሳይደናቀፍ እንደሚያነብና ምን ላይ እንደሚቆም እዚያው አስነብባችሁ አሳዩት። ያንኑ በአንድ ገጽ ላይ፣ ከየልጁ ስም ትይዩ «ዜሮ ባለበት መበደር ይቀረዋል»፣ «ፊደል በተራ እንጂ በተናጠል አይለይም» እያላችሁ ጽፋችሁ፣ ከሮስተሩ ጋር በመስከረም ክፍሉን ለሚረከበው መምህር ስጡት።