የእሳተ ገሞራ ሾጣጣዎች ቅርጽ ከምን ይመጣል?

«የእሳተ ገሞራ ሾጣጣዎች ስንት ዓይነት ናቸው? አንዱ ቀጥ ብሎ ሲቆም ሌላው ለምን ተዘርግቶ ይተኛል?» ለሚለው ጥያቄ፦ ስሞቹን ከመሸምደድ በፊት ከአፉ ምን እንደወጣ መጠየቅ ይሻላል። ብዙዎቹን በእግሬ ወጥቼ ያረጋገጥኩት ይህንኑ ነው።

በብዛት የሚገኘው የስኮሪያ፣ ማለትም ቀዳዳ የበዛበት የእሳተ ገሞራ ጠጠር፣ ሾጣጣ ነው። ጋዝ የበዛበት ቅልጥ አለት ወደ ላይ ሲፈናጠር አየር ላይ ተበጣጥሶ ይበርድና በአፉ ዙሪያ እንደ ጠጠር ይዘንባል። ክምሩ ከ30 እስከ 35 ዲግሪ ገደማ ሲያዘነብል ይንሸራተታል፤ የተቆለለ እህልም ከልኩ በላይ አይቆምም። ስትወጡት እግራችሁን ባነሣችሁ ቁጥር ጠጠሩ ወደ ታች ይስባችኋል።

ለግንባታ ጠጠር ሲባል የተቆረጠ ሾጣጣ ካገኛችሁ፣ ከሚናደው ገደል ራቅ ብላችሁ በደንብ እዩት። ንብርብሮቹ ከአፉ ጠርዝ ወዲያና ወዲህ በተቃራኒ አቅጣጫ ያዘነብላሉ። ወደ አፉ የሚጠጋው ጠጠር ብዙውን ጊዜ ቀይ ነው፤ ትኩስ እንፋሎትና አየር በውስጡ ያለውን ብረት ስላዛገው ነው። ዳር ዳሩ ጥቁር ይሆናል። አንዱን ብታነሡት ጋዙ ያመለጠባቸው ቀዳዳዎች ሞልተውበታል። እኔ ከየትኛውም ሥዕል ይበልጥ የተማርኩት ከእንዲህ ያለ ግድግዳ ነው።

የሜክሲኮው ፓሪኩቲን እ.ኤ.አ. በ1943 ከበቆሎ እርሻ መካከል ተነሥቶ በ1952 ሲያበቃ ከ400 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ነበር። ላቫው፣ ማለትም የሚፈሰው ቅልጥ አለት፣ ግን በአብዛኛው የወጣው በግርጌው በኩል ነው፤ ልቅ ክምር ከባዱን ቅልጥ እስከ ጫፉ ድረስ ይዞ ማቆየት አይችልምና።

እንደ ጃፓኑ ፉጂ ያሉት ድርብርብ እሳተ ገሞራዎች ለረጅም ዘመን በተደጋጋሚ ፈንድተው የተሠሩ ናቸው። ላቫው ጠጠሩንና አመዱን ስለሚያስር ተራራው ሺህ ሜትሮችን ያልፋል። ከላይ ቁልቁል፣ ከታች ዘርጋ ያለ ነው። የሃዋዩ ማውና ሎዋ ግን ጋሻ መሰል ነው፤ ሲሊካ (ላቫን የሚያወፍረው ንጥረ ነገር) ያነሰው ቀጭን ላቫ ርቆ ስለሚፈስ ዳገቱ ጥቂት ዲግሪ ብቻ ነው። በጥብቅ ከተነጋገርን፣ ይህን ሾጣጣ ባንለው እመርጣለሁ።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ውሃን ነው። ቅልጡ ከባሕር ወይም ከከርሰ ምድር ውሃ ጋር ሲገናኝ በኃይል ይፈነዳና ወደ ደቃቅ አመድ ይለወጣል፤ አመዱ ሲጠነክር ተፍ የሚባል አለት፣ ክምሩም የተፍ ሾጣጣ ይሆናል፤ በሃዋይ ያለው ዳይመንድ ሄድ እንዲህ የተሠራ ነው። ከቁመቱ ጋር ሲነጻጸር አፉ በጣም ሰፊ የሆነ፣ ጠጠሩ ጥቂት፣ አመዱ ብዙ የሆነ ሾጣጣ ስታዩ መጀመሪያ ውሃን ጠርጥሩ።