መልስ፦ የአውስትራሊያ እግር ኳስ ሕጎች፣ ያኔና ዛሬ

ወንድሜ፣ ስለ አውስትራሊያ እግር ኳስ (በእጅም ስለሚጫወቱት፣ ከተለመደው እግር ኳስ ስለሚለየው ጨዋታ) «የመጀመሪያዎቹ ሕጎች ከዛሬዎቹ ይለያሉ ወይ?» ብለህ ለጠየቅኸው፦ በጣም ይለያሉ።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በግንቦት 1859 ሜልበርን ውስጥ ሲጻፉ አሥር ብቻ ነበሩ። ከጸሐፊዎቹ አንዱ ቶም ዊልስ፣ ስመ ጥር የክሪኬት ተጫዋች ነው። የጎል ምሰሶዎቹን ርቀት እንኳ የሚወስኑት አምበሎቹ ነበሩ።

ትልቁ ልዩነት በእጅ አጠቃቀም ላይ ነው። ያኔ ኳስን ከመሬት ማንሳት ፈጽሞ ክልክል ነበር፤ በእጅ የሚያዘው ከእግር ተመትቶ በአየር ሲመጣ ወይም ሲነጥር ብቻ ነው። የዛሬው ተጫዋች ግን ከመሬት አንስቶ ይሮጣል፤ ቢያንስ በየ15 ሜትሩ ኳሱን ማንጠር ወይም መሬት ማስነካት አለበት።

እኔን የሚያስቀኝ ጠልፎ መጣል በሕግ መፈቀዱ ነው! ቅልጥምን በእርግጫ መምታት ግን ያኔም አይፈቀድም ነበር። ዛሬ መጥለፍ ያስቀጣል።

ለጎል 6፣ ከጎሉ ግራና ቀኝ ለሚያልፍ ኳስ 1 ነጥብ የሚሰጠው አሠራር በቪክቶሪያ (ሜልበርን ባለችበት ግዛት) ሊግ የተጀመረው በ1897 ነው።

ያልተለወጠው «ማርክ» ነው፦ የተመታውን ኳስ በአየር ላይ የቀለበ ያለ ከልካይ ይመታል፤ ዛሬ ኳሱ ቢያንስ 15 ሜትር መጓዙ ተጨምሮበታል። ኳስ መወርወርም ያኔም ዛሬም ክልክል ነው፤ በቡጢ እየመቱ የሚቀባበሉት ለዚህ ነው።